ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ አሮጌ የአማተር ሬዲዮ አስተላላፊን መጠገንና ማስተካከል

በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠሩ መገናኛ ሬዲዮዎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ዘመድ ከውጭ ይልካቸዋል፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያም ይወጣሉ። የደረሱንን ደብዳቤዎች ስናነብ አብዛኛው ጉዳት የመጣው ከዕድሜ ብዛት ሳይሆን ሳይለኩ ከመጠምዘዝ መሆኑን አይተናል። ስለዚህ በየመልሱ መጀመሪያ የሚለካውን፣ ቀጥሎ የሚነካውን እንነግራችኋለን።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከቨርጂኒያ ኬንውድ ቲኤስ-520 ላከልኝ። ምድር ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይነካ የተቀመጠ ነው። ብሰካው ይቃጠላል ብዬ ስለፈራሁ እስካሁን አልከፈትኩትም። ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሳይሰኩት መቆየትዎ በጎ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሬዲዮ ለ120 ቮልት ታስሮ ሊሆን ስለሚችል የእኛ 220 ውስጥ ቢገባ ትራንስፎርመሩ ወዲያው ይበላሻል። በጀርባው የተጻፈውን ብቻ አይመኑ። ክዳኑን ከፍተው የትራንስፎርመሩን የመግቢያ ሽቦዎች ከመመሪያው ሥዕል ጋር ያስተያዩ። ወደ 220 ሲቀየር የሚስበው ከረንት በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ፊውዙም አብሮ ያንሳል፤ የ120ው ፊውዝ እንዳለ ከተተወ ችግር ሲመጣ አይቆረጥም። የሰፈርዎ መብራት ማታ ማታ 240 የሚደርስ ከሆነ ደግሞ የቲዩቦቹ (አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ማጉያዎች) ማሞቂያ 12.6 ቮልት ማግኘት ሲገባው 13.7 ያገኛል። ይህ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል፤ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ይጠቀሙ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የከበደ ጉዳይ ነው። በዚህ ሬዲዮ ውስጥ 800 ቮልት ገደማ አለ። ስፒናውን ከነቀሉ በኋላም በማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያ መጠን ሰው ይገድላል። 10 ኪሎኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አዘጋጅተው አንዱን ጫፍ ከሻሲው (ከሬዲዮው የብረት አካል)፣ ሌላውን ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ጋር ለአሥር ሰከንድ ያገናኙ። ከዚያ 1000 ቮልት በሚችል ማልቲሜትር ለክተው ዜሮ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። በካቻቢቴ ማገናኘት የለመዱ አሉ፤ ብልጭታው ካፓሲተሩን ይጎዳል። ከዚህ በኋላ በሚሠሩት ሥራ ሁሉ፣ ሬዲዮው ክፍት ሆኖ ሲበራ አንዱ እጅዎ ከኋላዎ ይሁን።

አሁን ሁለቱን የመጨረሻ ቲዩቦች (ኃይሉን ወደ አንቴና የሚያወጡትን) ያውጡ። በፋብሪካው ኤስ2001ኤ ይባላሉ፤ በምትካቸው 6146ቢ ይገባል። የፊት ለፊቱን የማሞቂያ ማብሪያ ያጥፉ። ባለ 100 ዋት የድሮ ክር አምፖል ከመብራት መስመሩ ጋር በተከታታይ ያስሩ፤ ቆጣቢው ወይም ኤልኢዲው ለዚህ አይሆንም። ሬዲዮውን ሲያበሩ አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ጥሩ ነው። በሙሉ ብርሃን ከቀረ ግን ወደ ምድር የተያያዘ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያጥፉና ካፓሲተሮቹን፣ ዳዮዶቹን፣ ትራንስፎርመሩን በየተራ ይፈትሹ።

ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያጣሩት ካፓሲተሮች በተከታታይ የታሰሩ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ቮልቴጁን እኩል የሚያካፍል ሬዚስተር ተጋድሟል። ከሬዚስተሮቹ አንዱ ከተቆረጠ ሸክሙ ወደ አንዱ ካፓሲተር ያዘነብልና ይፈነዳል። ስለዚህ ካፓሲተር ሲቀይሩ ሬዚስተሮቹንም አብረው ይቀይሩ። አዲሱ ካፓሲተር 105 ዲግሪ የሚችል፣ ማይክሮፋራዱ ከድሮው እኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ፣ ቮልቴጁ ደግሞ ከድሮው ያላነሰ ይሁን። ያበጠ፣ ያለቀሰ ወይም ከታቹ የዛገ ካለ ሳይለኩም ይቀይሩት። ቲዩቦቹን ከመመለስዎ በፊት የአንዱን ሶኬት 5ኛ እግር ይለኩ፤ ብዙ አሥር ቮልት ኔጌቲቭ ማሳየት አለበት። ኔጌቲቭ ከሌለ ቲዩብ አይግባ።

ጥያቄ፦ የእኔም ቲኤስ-520 ነው። ሳልናገር፣ ድራይቭም (ወደ መጨረሻ ቲዩቦቹ የሚገባውን ምልክት) ሳልሰጥ፣ ማስተላለፊያውን እንደጫንኩ ሜትሩ 60 ሚሊአምፒር ያሳያል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን እየወጣ 150 ይደርሳል፣ ቲዩቦቹም መቅላት ይጀምራሉ። በባያሱ (የቲዩቡን ከረንት በሚገድበው ኔጌቲቭ ቮልቴጅ) ከረንቱን ብቀንሰውም ተመልሶ ይወጣል። ቲዩብ ልግዛ?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አሁኑኑ አይግዙ። አዲሶቹንም በዚያው መንገድ ያቃጥሏቸዋል።

የተጻፈልን ቁጥር ሁኔታውን በደንብ ያሳያል። ያለ ድራይቭ 60 ሚሊአምፒር በ800 ቮልት 48 ዋት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቲዩብ 24 ዋት ይደርሰዋል። 6146ቢ በፕሌቱ (ከፍተኛው ቮልቴጅ በሚገባበት የቲዩቡ የብረት ክፍል) 35 ዋት ሙቀት ስለሚችል በዚህ አይጨነቅም። 150 ሲደርስ ግን 120 ዋት ይሆናል፣ ለአንዱ 60 ዋት። በዚያ ላይ አንቴና የሚወስደው ነገር ስለሌለ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፕሌቱ የሚቀላው ለዚህ ነው፤ ሜትሩ 100 ሲያልፍ እጅዎ ማጥፊያው ላይ ይሁን።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በድራይቨሩ (ለመጨረሻ ቲዩቦቹ ምልክቱን በሚያቀብለው ቲዩብ) በ12ቢዋይ7ኤ ፕሌትና በመጨረሻ ቲዩቦቹ ግሪድ (ከረንቱን በሚቆጣጠረው ክፍል) መካከል ያለው ማስተላለፊያ ካፓሲተር ነው። በአንድ በኩሉ 300 ቮልት ገደማ ፖዘቲቭ፣ በሌላው የግሪዱ ኔጌቲቭ ባያስ አለ። ሲያረጅ፣ በተለይም ሲሞቅ ትንሽ ያሳልፋል። ያለፈችው ፖዘቲቭ የግሪዱን ኔጌቲቭ ትበላለች፣ ቲዩቡም ይከፈታል። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባያሱን ቢያስተካክሉ የማይጸናውም እንዲሁ።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ያጥፉ፣ ከላይ እንደነገርነው ያራግፉ። የካፓሲተሩን የግሪድ በኩል እግር ብቻ ከብየዳው ያላቅቁ። በጀርባ ያለውን የስክሪን (የቲዩቡ ሁለተኛ ግሪድ) ማብሪያ ያጥፉ፤ ይህ የመጨረሻ ቲዩቦቹን ዝም ያሰኛቸዋል። መግቢያው 10 ሜጋኦም የሆነ ዲጂታል ማልቲሜትር በላላው እግርና በሻሲው መካከል አስረው ከሬዲዮው እጅዎን ያርቁ፣ ያብሩ፣ ካሪየሩን (ድምፅ ያልተጫነበትን የማስተላለፊያ ሞገድ) ዜሮ አድርገው ማስተላለፊያውን ይጫኑ። ከአንድ ቮልት በታች ከቆየ ካፓሲተሩ ደህና ነው። ከሁለት በላይ ከሄደ ወይም እየሞቀ ሲሄድ ከጨመረ ይቀየር። ምትኩ በካፓሲቲ እኩል፣ 1000 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚችል ሲልቨር ማይካ ወይም ሴራሚክ ይሁን። በዚህ ቦታ ላይ ወጪ መቆጠብ ጥበብ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ሁለት ቲዩብ ይዛ ትሄዳለች።

ካፓሲተሩ ደህና ሆኖ ከተገኘ ወደ ባያሱ መስመር ይሂዱ። የማስተካከያው ፖቴንሽዮሜትር ቆሽሾ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ባያሱ ሊጠፋ ይችላል፤ በኮንታክት ማጽጃ ረጭተው ደጋግመው ያመላልሱት። በመስመሩ ላይ ያሉትን የካርቦን ሬዚስተሮች ይለኩ። ከተጻፈባቸው ከ10 በመቶ በላይ የራቁትን አውጥተው ይጣሉ፤ ባለቀለም ቀለበት የድሮ ካርቦን ዕድሜ ሲጫነው ኦሙ ወደ ላይ ይሄዳል።

ቲዩቡን የሚጠረጥሩት በመጨረሻ ነው። ሁለቱን ያቀያይሩ። ቅላቱ ከቲዩቡ ጋር ቦታ ከቀየረ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው፤ በዚያው ሶኬት ከቀረ የሶኬቱ ወይም የአካባቢው ነው። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን አያስደንግጥዎ፣ ጤነኛ ቲዩብም ያሳያል። በፕሌቱ ውስጥ እንደ ጭጋግ የሚታይ ሐምራዊ ግን ጋዝ ገብቶበታል ማለት ነውና አይጠገንም።

ሁለቱ ሸክሙን እኩል መሸከማቸውን ለማወቅ በየካቶዱና (ኤሌክትሮን በሚያመነጨው የቲዩቡ ክፍል) በሻሲው መካከል 10 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ይግባ፤ አስቀድሞ የተገጠመ ካለ እሱን ይጠቀሙ። የ6146ቢ ካቶድ በ1ኛ፣ 4ኛና 6ኛ እግር ይወጣል። 30 ሚሊአምፒር በ10 ኦም ላይ 0.30 ቮልት ይሰጣል። አንዱ 0.27፣ ሌላው 0.33 ቢያሳይ ይለፉት። አንዱ 0.10፣ ሌላው 0.50 ከሆነ ግን ሜትሩ 60 ቢልም አንደኛው ብቻውን እየነደደ ነው።

ጥያቄ፦ ያኤሱ ኤፍቲ-101ኢ ገዛሁ። መስማቱን በደንብ ይሰማል፣ የመጨረሻ ቲዩቦቹ ግን ጭራሽ አይበሩም። ሻጩ ሁለቱም ተቃጥለዋል አለኝ።
አንባቢ፣ ከቴል አቪቭ

መልስ፦ ቲዩቦቹን ከመኮነንዎ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። ባለ 11 እግር ተጨማሪ ሶኬት አለ፤ በውስጡ 1ኛና 2ኛ እግሩን በሽቦ ያገናኘ ስፒና መሰካት አለበት፤ የቲዩቦቹ ማሞቂያ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሬዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይህች ስፒና ብዙ ጊዜ ትጠፋለች። እሷ ካለችና አሁንም ካልበሩ የሁለቱን የመጨረሻ ቲዩቦች (6ጄኤስ6ሲ) ማሞቂያ በኦም ይለኩ። በተከታታይ ስለታሰሩ የአንዱ መቆረጥ ሁለቱንም ያጨልማል፤ ሁለት መግዛት ላያስፈልግዎ ይችላል። ይህ ቲዩብ ዛሬ ውድ ነውና ይህን መለካት ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ በቲኤስ-520 ላይ ፕሌትና ሎድ የሚባሉትን ቁልፎች እንዴት ነው በትክክል የማስተካክለው? በ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) 95 ዋት ይወጣል፣ በ10 ሜትር (28 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ግን 60 እንኳ አልደርስም። የውስጥ ኮይሎቹን ማዞር አለብኝ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ኮይሎቹን ይተዉዋቸው። በ10 ሜትር መቀነሱ የዚህ ዓይነት ሬዲዮ ጠባይ ነው። የሚያዩት መጠን ትንሽ ዝቅ ያለ ቢሆንም ምክንያቱ ምናልባት ከኮይል ሌላ ነው።

መጀመሪያ 50 ኦም የሐሰት ጭነት (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን የሚውጥ ሬዚስተር) ያስፈልግዎታል፤ በአንቴና ላይ ሆኖ ማስተካከል ሌላውን ተጠቃሚ ከመረበሹም በላይ የአንቴናው ችግር የሬዲዮው መስሎ ያሳስትዎታል። ከሱቅ ካላገኙ ሃያ ባለ 1 ኪሎኦም፣ 3 ዋት ሜታል ኦክሳይድ ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን ቢያስሩ ልክ 50 ኦም ይሆናሉ። ሽቦ የተጠመጠመበት ዓይነት አይሁን፤ እሱ ራሱ ኮይል ነው። በትራንስፎርመር ዘይት በተሞላ ጣሳ ውስጥ ካጠለቋቸው ለአጭር ሙከራ 100 ዋት ይችላሉ።

በመቀበል ላይ ሳሉ የድራይቭ ቁልፉን ጫጫታው ከፍ እስኪል ያዙሩ። ፕሌትን በባንዱ ምልክት ላይ ያድርጉ፣ ሎድን ዝቅ። ትንሽ ካሪየር ሰጥተው ያስተላልፉና ፕሌትን በፍጥነት ያዙሩ፤ የፕሌት ከረንቱ ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፣ እዚያ ይቁሙ። ሎድን ትንሽ ይጨምሩ፣ ከረንቱ ይወጣል፤ ፕሌትን መልሰው ወደ ዝቅታው ያምጡ። ውጤቱ መጨመሩን እስኪያቆም ይደጋግሙ፣ ካሪየሩንም እያሳደጉ ይሂዱ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይበልጥ፤ ቀጥሎ 20 ወይም 30 ሰከንድ ያሳርፉት። ከዝቅታው ውጭ ሆኖ ማስተላለፍ ማለት ወደ አንቴና መሄድ የሚገባው ኃይል ሁሉ ፕሌቱ ላይ ይፈሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ 10 ሜትር እንመለስ። የኤኤልሲ (ድራይቭ ሲበዛ በራሱ የሚገታው መቆጣጠሪያ) ሜትሩን ይዩ። ድራይቭ ሲሰጡ መርፌው በደንብ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ለግሪዱ በቂ ኃይል ይደርሳል፤ ድካሙ በመጨረሻ ቲዩቦቹ ወይም ከእነሱ በኋላ ነው። መርፌው ከተኛ ግን ችግሩ ከቲዩቦቹ በፊት ነው፦ የደከመ 12ቢዋይ7ኤ፣ ወይም በጣም በብዛት የሚያጋጥመው፣ የቆሸሸ የባንድ መቀያየሪያ። ማጽጃውን በጥጥ ጫፍ ነክረው ንክኪዎቹ ላይ ብቻ ይቀቡ፣ ማብሪያው ጠፍቶና ስፒናው ተነቅሎ መቀያየሪያውን ሃያ ጊዜ ያህል ያመላልሱ። ጠርሙሱን ይዘው በየቦታው አይርጩ፤ ወደ ኮይሎቹ ከገባ ማስተካከያውን ያዛባል። የሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቀያየሪያ) ንክኪ ደግሞ በአልኮል በራሰ ወፍራም ወረቀት ተቆልፎ ሲሳብ ይጸዳል። በብርጭቆ ወረቀት የፋቀ ሰው ስስ የብር ልባሱን አብሮ ይፍቀዋል።

ቲዩብ ተቀይሮ ከነበረ ኒውትራላይዜሽኑ መታየት አለበት። ከፕሌቱ ወደ ግሪዱ በቲዩቡ ውስጥ ተመልሶ የሚገባ ኃይል አለ፤ ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር ስለሚብስ በ10 ሜትር ጎልቶ ይታያል። ያንን የምታጠፋው በመጨረሻው ክፍል ሳጥን ውስጥ ያለች ትንሽ ማስተካከያ ካፓሲተር ናት። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የፕሌት ከረንቱ ዝቅ የሚልበትና ውጤቱ ከፍ የሚልበት ቦታ አንድ መሆን አለበት። ከተለያዩ ሬዲዮውን በ10 ሜትር ያስተካክሉት፣ ከዚያ የስክሪን ማብሪያውን ያጥፉ፣ ድራይቩን እንዳለ ይተዉ፣ በሐሰት ጭነቱ ላይ ደቃቅ የሬዲዮ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ያስሩ። ቲዩቡ በማይሠራበት በዚህ ሁኔታ ሾልኮ የሚወጣው ነገር እስኪያንስ ድረስ ካፓሲተሯን በፕላስቲክ መሣሪያ ያዙሩ። ብረት ካቻቢቴ አይሆንም፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ብረቱም ራሱ ማስተካከያውን ይቀይረዋል።

የኮይል ፌራይት (በኮይሉ ውስጥ የሚዞረውን እምብርት) ማዞር የግድ ከሆነ የነበረበትን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፣ አንድ በአንድ ብቻ ይንኩ፣ ከግማሽ ዙር አይለፉ። ለውጥ ካልታየ ወደ ቦታው ይመልሱ። የተጣበቀን አያስገድዱት፤ ከተሰነጠቀ ኮይሉ በሙሉ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የጂኢ (ጄኔራል ኤሌክትሪክ) ማስተር 2 የመኪና ሬዲዮ አገኘሁ፤ በፊት ለድርጅት ሥራ ያገለግል ነበር። ወደ 2 ሜትር ባንድ ላመጣው እፈልጋለሁ፣ 146.940 ሜጋኸርዝ ላይ።
አንባቢ፣ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ መጀመሪያ በሬዲዮው ላይ የተጻፈውን የባንድ ክልል ያንብቡ። ከ138 እስከ 155 ከሆነ ያለ ችግር ይመጣል። ከ150.8 እስከ 174 ከሆነ ግን ወደ 147 አካባቢ ሲወርድ ፌራይቶቹ ጫፍ ይደርሳሉ፣ የመቀበያው መግቢያ ሬዞኔተሮችም (ድግግሞሽ መራጮች) ሊያጥራቸው ይችላል። ምርጫ ካለዎ የመጀመሪያውን ይፈልጉ።

ድግግሞሹን የሚወስነው አይኮም የሚባለው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለው ክሪስታል ነው። በማስተላለፊያው በ12 ይባዛል፤ ስለዚህ 146.940 ለ12 ተካፍሎ 12.245 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ያዝዛሉ። በመቀበያው 11.2 ይቀነስና ለ9 ይካፈላል፦ 135.740 ለ9፣ ማለትም 15.08222 ሜጋኸርዝ። ሲያዝዙ የአይኮሙን ዓይነት ይጻፉ። 5ሲ የሚባለው የሙቀት ማካካሻ በራሱ ውስጥ አለው፤ ኢሲ የሚባለው ግን ከጎኑ ካለ 5ሲ ማካካሻውን ይዋሳል፣ ብቻውን ቢገባ ከሙቀት ጋር ይንሸራተታል። የ5ሲ መዛነፍ 5 ከሚሊዮን ነው፤ በ146.940 ላይ 735 ኸርዝ ማለት ነው፣ ለኤፍኤም ይበቃል።

ክሪስታሉ ከገባ በኋላ በሐሰት ጭነት ላይ ሆነው ከኦሲሌተሩ (ሞገዱን ከሚያመነጨው ክፍል) ጀምረው ወደ አንቴናው እየሄዱ እያንዳንዱን ደረጃ በመለኪያ ሶኬቱ ላይ ከፍ እስኪል ያስተካክሉ። ከመሃል አይጀምሩ። ሲጨርሱ የሚወጣው 146.940 ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ደካማ ማስተካከያ ከላይና ከታች በ12.245 ርቀት ላይ ሌላ ምልክት ያሾልካል፣ ማለትም በ134.695 እና በ159.185። ሁለቱም የሌላ ሰው ቦታ ነው። ዋት ሜትር ይህን አይለይም፤ ሁሉንም ደምሮ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ ስፔክትረም አናላይዘር ያለው ሰው ያሳዩት።

ድግግሞሹን በአይኮሙ ማስተካከያ የሚያርሙት ሬዲዮው 15 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ነው። በ12 ስለሚባዛ በክሪስታሉ ላይ 10 ኸርዝ ስሕተት በአየር ላይ 120 ይሆናል። ዴቪዬሽኑን (ድምፅ ድግግሞሹን የሚያወዛውዝበትን ስፋት) በመጨረሻ ያድርጉ፦ ጮክ ብለው ሲናገሩ ከ5 ኪሎኸርዝ አይለፍ፣ የመክፈቻ ቶን (የተቀባዩን ጣቢያ የሚከፍት ዝቅተኛ ድምፅ) ካለ ለብቻው ከ500 እስከ 750 ኸርዝ ይሁን። 100 ዋቱ ሞዴል ከ20 አምፒር በላይ ይስባልና ቀጭን ሽቦ ላይ አያስሩት። የመኪና ሬዲዮ ለአጭር ንግግር የተሠራ ነው፤ ሪፒተር (ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ሊያደርጉት ካሰቡ ኃይሉን በግማሽ ይቀንሱ፣ ፋንም ይጨምሩለት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያስተካከልኩትን ሬዲዮ ወደ አዲስ አበባ ብወስደው እንዳለ ይሠራል?
አንባቢ፣ ከሲያትል

መልስ፦ ሁሉም አይሠራም። ኢትዮጵያ፣ እንደ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ሞገድ ክፍፍል ክልል 1 ውስጥ ናት። እዚያ የ2 ሜትር ባንድ ከ144 እስከ 146 ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የተለመደው 146.940 ከባንድ ውጭ ይወድቃል፣ ክሪስታሉ መቀየር አለበት። 40 ሜትር በ7.200 ያበቃል፣ አሜሪካ ግን እስከ 7.300 ይሄዳል። 80 ሜትርም ከ3.800 አይዘልም። የቲኤስ-520 መርፌ እነዚህን ሁሉ አልፎ ስለሚሄድ በመደወያው ላይ ወሰኑን ምልክት ያድርጉ።

ፈቃድና የዕቃ ማስገባት ጉዳይ ሬዲዮው ከመጫኑ በፊት በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በኩል ይለቅ። የአገሪቱ አማተሮች ማኅበር የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። ሬዲዮውን ሲያሽጉ የመጨረሻ ቲዩቦቹን አውጥተው በተለየ ሳጥን በስፖንጅ ይጠቅልሉ፤ ሶኬት ላይ እንዳሉ ከተጫኑ መንገድ ላይ ይሰበራሉ።